የአገር ዝርያ ዶሮ እርባታ አላተርፍ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ጥቂት ዶሮዎችን የሚያረባ ሰው ትርፍ ሲያጣ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው የእንቁላሉን ማነስ ነው። በእርግጥ የአገር ዝርያ ዶሮ በነጻ ግጦሽ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 የሚሆን እንቁላል ነው፤ ነገር ግን ከባዱ ኪሳራ ከተፈለፈሉ በኋላ በሚሞቱት ጫጩቶች ስለሚደርስ ፍተሻው ከዚያ መጀመር አለበት።

ጫጩቶች ሁለት ወር ሳይሞላቸው ያልቃሉ

10 ጫጩት ፈልፍላ 5 ብቻ ያሳደገች እናት፣ 21 ቀን ስትታቀፍና ከዚያም ሁለት ወር ያህል ጫጩት ስትመራ እንቁላል ሳትጥል ያለፈችበት ጊዜ ሁሉ በተረፉት 5 ላይ የሚታሰብ ወጪ ነው። መንስኤዎቹ ብርድ፣ እርጥበት፣ ጭልፊትና ሸለምጥማጥ፣ እንዲሁም ከትልልቆቹ ጋር በመኖ መሻማት ናቸው። ያለ እናት የሚያድጉ ጫጩቶች በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ከሙቀቱ ሥር ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል፣ አፋቸውን ከፍተው ከራቁ ደግሞ ሙቀቱ በዝቷል። ከእናታቸው ጋር ያሉትን በተመለከተ፣ ጫጩት ብቻ የሚያሾልክ በር ያለው የመኖ ቦታ ማዘጋጀትና የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በተከለለ ስፍራ ማቆየት ከማንኛውም ሌላ ወጪ በፊት ሊደረግ የሚገባው ነው። ኩሳቸው ደም ከቀላቀለ ኮክሲዲዮሲስ የተባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ስለሚችል እርጥቡን ጉዝጓዝ አውጥቶ ወዲያውኑ የእንስሳት ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

መንጋው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይረግፋል

አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንገት መጣመምና ሽባነት ከታዩ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ፈንግል ነው። ይህ በሽታ መድኃኒት የለውም፤ ዋናው መከላከያው ክትባት ነው። ችግሩ አንዱ የክትባት ብልቃጥ ብዙ ጊዜ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዶሮዎች የሚበቃ ሲሆን፣ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ ለሌላ ጊዜ የማይቀመጥ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ አሥር ዶሮ ያለው ሰው ብቻውን ሲገዛው ይከብደዋል። ጎረቤታሞች ተዋጥተው በአንድ ቀን ቢያስከትቡ ወጪው ይቀንሳል፣ በሽታው የሚዛመትበት መንገድም ይጠባል። ሙቀትን የሚቋቋመው አይ-2 የተባለው ክትባት በዓይን ጠብታ ይሰጣል፤ በየአራት ወሩ ገደማም ይደገማል። የታመመ ዶሮን ቶሎ ብሎ ገበያ ማውጣት ግን ወረርሽኙን ለሌላው ቤት ማሸጋገር ነውና በፍጹም መደረግ የለበትም።

የታቀፈችው እንቁላል አይፈለፈልም

በሰባተኛው ቀን ገደማ በጨለማ ክፍል እንቁላሉን በባትሪ ብርሃን መመልከት ይገባል። የደም ሥር ካልታየበት ሳይዳብር ቀርቷል ወይም ገና በጅምሩ ሞቷል፤ ለአሥር ሴቶች አንድ ጤነኛ አውራ መኖሩንና እንቁላሉ ከመታቀፉ በፊት ከሳምንት በላይ አለመቆየቱን አረጋግጡ።

የመኖው ወጪ ከሽያጩ ይበልጣል

ቀስ ብላ የምታድገውን ይህችን ዝርያ ሙሉ በሙሉ በተገዛ መኖ መቀለብ አያዋጣም። ቀን ለቅማ በምትውለው ላይ ማታ ጥቂት እህል መጨመር የተሻለ ነው፤ ለእርባታ የማይፈለጉ ወንዶችም እድገታቸው ሲገታ ሳይውሉ ሳያድሩ መሸጥ አለባቸው። ሒሳብ ሲያዝ በቤት የተበላው ዶሮና እንቁላል በገበያ ዋጋው እንደ ገቢ ይመዝገብ፤ ይህ ከተዘለለ አትራፊው እርባታ ከሳሪ መስሎ ይታያል።