ልጃችሁ ጋሪ ልትጎትት ነው? አብራችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ እንዲህ አድርጉ

አሜሪካ ውስጥ ዩታ ግዛት ወይም አካባቢው የምትኖሩ ከሆነ አንድ ቀን ልጃችሁ መጥታ «ትሬክ ልሄድ ነው» ትላችኋለች። ከዚያ ረጅም ቀሚስ ግዙልኝ ትላለች። እኔ መጀመሪያ የድራማ ክበብ መስሎኝ ነበር።

ትሬክ የሞርሞን ቤተክርስቲያን ወጣቶች ጉዞ ነው። ከ14 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች የድሮ ልብስ ለብሰው፣ ሞባይል ቤት ትተው፣ ሦስት አራት ቀን በሜዳና በዳገት የእጅ ጋሪ ይጎትታሉ። ብዙ ቦታ በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚደረገው። አባል ያልሆነ ልጅም በጓደኛ ተጋብዞ ይሄዳል፤ የኔዋ የሄደችው እንደዚያ ነው። አዋቂ ረዳት ሁልጊዜ ስለሚፈለግ እኔም በወጥ ቤት በኩል ተጠጋሁ።

ከሁሉ በፊት ታሪኩን ትንሽ እወቁ፣ አለበለዚያ ልጆቹ ለምን እንደሚያለቅሱ አይገባችሁም። እ.ኤ.አ. ከ1856 እስከ 1860 ባለው ጊዜ ወደ 3,000 የሚጠጉ የቤተክርስቲያኗ አባላት፣ አብዛኞቹ ከአውሮፓ የመጡ ድሆች፣ በሬና ሰረገላ መግዣ ስላልነበራቸው ዕቃቸውን በእጅ ጋሪ ጭነው ዩታ ወዳለችው ሶልት ሌክ ሲቲ በእግራቸው ሄዱ። ከአዮዋ ሲቲ ለተነሱት መንገዱ ከ2,000 ኪሎሜትር ይበልጣል። ለአንድ አዋቂ የተፈቀደው የግል ዕቃ 17 ፓውንድ ነበር፣ ስምንት ኪሎ አይሞላም። ብርድ ልብሱም ልብሱም እዚያው ውስጥ ነው። በ1856 ዘግይተው የተነሱት በመሪዎቻቸው ስም የሚጠሩት የዊሊና የማርቲን ቡድኖች ጥቅምት ላይ ዋዮሚንግ ግዛት ውስጥ በረዶ ያዛቸው። የያኔው የቤተክርስቲያኗ መሪ ብሪገም ያንግ ከሶልት ሌክ ሰውና ስንቅ ልኮ ባያስወጣቸው ኖሮ ማን እንደሚተርፍ እንጃ፣ እንደዚያም ሆኖ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ዛሬ ብዙ ወጣቶች ጋሪ የሚጎትቱት እዚያው፣ ማርቲንስ ኮቭ የሚባለው ቦታ አካባቢ ነው። አንዳንድ ቦታ ለእያንዳንዱ ልጅ በዚያ ዘመን የተጓዘ የአንድ ሰው ስም በካርድ ይሰጠዋል፣ ያንን ይዞ ይሄዳል።

ቀጥሎ የሥራ ድርሻችሁን ጠይቁ። ወረቀት አለ፦ የጤና ቅጽ፣ የወላጅ ፈቃድ፣ ከልጆች ጋር ለሚሠራ አዋቂ ደግሞ ስለ ልጆች ደህንነት የሚሰጥ የኦንላይን ስልጠና። ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባችሁ ደብቃችሁ አትሂዱ፣ ቅጹ ላይ ጻፉት።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ልጃችሁ እዚያ የእናንተ ልጅ አይደለችም። ወጣቶቹ ስምንትም አሥርም እየሆኑ «ቤተሰብ» ይባላሉ፣ አንድ ባልና ሚስት «ማ» እና «ፓ» ሆነው ይመደቡላቸዋል፣ አብዛኛውን ጊዜም የገዛ ልጃቸው ሌላ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ለሐበሻ ወላጅ ይሄ ከዳገቱ በላይ ይከብዳል። በላች? ጠጣች? ሹራቧስ? ይሄ ሁሉ የሌላ ሰው ሥራ ነው። እኔ የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት የልጄ ጋሪ አሸዋ ውስጥ ሲሰምጥ አይቼ ሮጬ ሄድኩና ከኋላ ገፋሁ። ዞር ብላ በአማርኛ፣ ማንም እንዳይሰማ ቀስ ብላ፣ «አባዬ፣ ተው» አለችኝ። ተውኩ። አሥር ደቂቃ ፈጀባቸው፣ ግን አወጡት።

ዝግጅቱን ሁለት ወር አስቀድማችሁ ጀምሩ። በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ የምትሄዱበትን ጫማ አድርጋችሁ፣ አስፋልት ሳይሆን ኮረኮንች መንገድ ላይ ተራመዱ። አዲስ ጫማ ይዛችሁ እንዳትሄዱ! ካልሲ ሁለት ደርቡ፣ ስስ ከውስጥ ወፍራም ከውጭ። እግራችሁ አንድ ቦታ ማቃጠል ሲጀምረው ውሃ እስኪቋጥር አትጠብቁ፣ ቁሙና ፕላስተር ለጥፉ። ማፈር የለም።

ቡና የለም። ቤተክርስቲያኗ ቡናም ሻይም ስለማትፈቅድ ካምፑ ውስጥ አታገኙም፣ ጀበና ይዞ መሄድም አያምርም። በቀን ሦስት ስኒ የለመደ ሰው ድንገት ሲያቋርጥ ራሱን የሚፈልጠው ነገር አለ፣ ስለዚህ ከሳምንት በፊት ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ቀንሱ። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ጾሙንም አስቡ፤ በፈረንጅ ሰኔ ከሆነ የሐዋርያት ጾም ላይ ሊውል ይችላል፣ ነሐሴ ከሆነ ፍልሰታ፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ አይቀርም። ለምግብ አዘጋጆቹ ቀድማችሁ ንገሩ። እኔ ሽሮ ዱቄት ይዤ ሄድኩ፣ ሁለተኛው ማታ ማብሰያው ዙሪያ የተሰለፈውን ሕዝብ ብታዩ!

ሻንጣ አይፈቀድም። ክዳን ያለው ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ይሰጣችኋል ወይም ትገዛላችሁ፣ ልብሳችሁ ሁሉ እሱ ውስጥ ይገባል፣ ከመኝታው በስተቀር። ማታ ማታ ወንበራችሁም እሱ ነው። ቅያሪ ልብስ ላስቲክ ውስጥ አድርጉና ከታች ክተቱ፣ የዝናብ ልብስ ከላይ። ሴቶች ረጅም ቀሚስና ኮፍያ፣ ወንዶች እጀ ሙሉ ሸሚዝና የሱሪ ማንጠልጠያ ይለብሳሉ። የቀሚሱ ጫፍ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ይበል፣ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ጎማው ስር ይገባል። ነጠላ ያዙ። የምሬን ነው፤ ለፀሐይም፣ ለአቧራም፣ ለማታ ብርድም የሱን ያህል የጠቀመኝ ዕቃ የለም።

ውሃ ሳይጠማችሁ ጠጡ። አገሩ ከፍታ አለው፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ላቡ ሳይታይ ይደርቃል። ሽንታችሁ ጠቆር ካለ ዘግይታችኋል ማለት ነው። ውሃ ብቻም አይበቃም፣ ጨው ያለው ነገር ቆርጥሙ ወይም ኦአርኤስ በጥብጡ። ዝም ያለች፣ ቀልድ የማትመልስ፣ የተደናገረች ልጅ ካያችሁ ወዲያው ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ነርሷን ጥሩ። እዚህ ላይ «የኔ ቤተሰብ አይደለችም» የሚባል ነገር የለም።

ጋሪውን በተመለከተ፣ ሁሉም ዳገት ይፈራል፣ የሚያስፈራው ግን ቁልቁለት ነው። ፍሬን የለውም። ሁለት ልጆች ከፊት አግዳሚውን ይይዛሉ፣ ሌሎቹ ከኋላ በገመድ እየጎተቱ ይገቱታል። በሁለት ጋሪ መሀል ሰፊ ርቀት ይኑር። ጋሪ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው፣ ለቀልድም ቢሆን።

አንድ ቀን ወንዶቹን ልጆች ከፊት ይወስዷቸዋል። ዳገቱን ሴቶቹ ብቻቸውን ይጎትታሉ። ወንዶቹ ጫፉ አካባቢ ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ያያሉ። መርዳት አይፈቀድም። እኔም እዚያ መሀል ቆሜ ነበር። የልጄ ጋሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሰማሁት የጎማውን ሲጥሲጥ ነው፣ ከዚያ ትንፋሻቸውን፣ ከዚያ አንዷ «አንድ፣ ሁለት» እያለች በእንግሊዝኛ ስትቆጥር። አጠገቤ የነበረ የ16 ዓመት ጎረምሳ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያሾፍ የከረመ፣ ኮፍያውን እስኪጨማደድ ጨብጦ ይዞት ነበር። ልጄ አላየችኝም። እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ፣ እናንተም እንደዚያ አድርጉ፣ እጅ ነጻ ከሆነ ይሄዳል።

ስትመለሱ መኪና ውስጥ ጥያቄ አታብዙ፤ እንቅልፍ ነው የሚወስዳት። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ፣ ሰሃን እያጠባችሁ ሳለ ራሷ ትጀምራለች። እስከዚያ ልብሱን አጽዱ። ማሽን ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ውጭ አራግፉት፣ አሸዋው ማሽኑን ይበላዋል። ኪሱን ፈትሹ። እኔ የስም ካርዷን ሳላወጣ አጠብኩትና እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች።