ፍራሹ ይቅደም፦ ሰፈር ውስጥ የልጆች ጂምናስቲክ ክለብ ለመጀመር

አራብሳ ኮንዶሚኒየም ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው በልጅ ይሞላል። ኳስ ያለው ኳሱን ይዞ ይወጣል። ኳስ የሌለው አሸዋ ክምር ላይ ወጥቶ ይገለበጣል፤ ግንባታ የማያልቅበት ሰፈር ስለሆነ አሸዋ አይጠፋም። አንድ ቀን ዘጠኝ ዓመት የማይሞላው ልጅ ከክምሩ ጫፍ ወደ ኋላ ሲገለበጥ በረንዳ ላይ ሆኜ አየሁት። በአንገቱ ከማረፍ ለጥቂት ነው የተረፈው። ተነሳ፣ አሸዋውን አራገፈ፣ እንደገና ወጣ። ክለቡን ለመክፈት የቆረጥኩት ያን ቀን ነው። ልጆቹ ጂምናስቲኩን በራሳቸው ጀምረውታል። ከሥራቸው ፍራሽ፣ ከጎናቸው ደግሞ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ይሄን የምጽፈው እንደኔ ከመሀል ከተማ ራቅ ብለው ለሚኖሩ ነው። አያትም ይሁን የካ አባዶ፣ ጀሞም ይሁን ቱሉ ዲምቱ፣ በትንሽ ብር ይሄን ሥራ መጀመር ይቻላል።

ከቦታ እንነሳ። አዳራሽ ለመከራየት አትቸኩሉ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ መጀመሪያ ኮሚናሉን፣ ማለትም የነዋሪዎቹን የጋራ መገልገያ ቤት፣ እዩት። ድግስ፣ የእድር ስብሰባ ወይም ለቅሶ ከሌለ በሳምንቱ መሀል ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ነው የሚውለው። የነዋሪዎች ማህበሩን ኮሚቴ አነጋግሩና በጽሁፍ ተዋዋሉ። ውሉ ላይ ለቅሶ ሲኖር ቦታውን እንደምትለቁ ራሳችሁ አስገቡ። እኔ ይሄን ሳላስብበት ጀምሬ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት አንድ የብሎካችን አባት አረፉ፣ ኮሚናሉ ለእዝን ተፈለገ፣ ልጆቹ ደግሞ ልብሳቸውን ቀይረው በር ላይ ቆመው ቀሩ። አሁን እንዲህ ሲሆን በቴሌግራም ግሩፓችን ጠዋት ለወላጅ እንነግራለን፣ የቀረው ክፍለ ጊዜ በሌላ ቀን ይካካሳል። ጎረቤትም ይሄንን አይቶ ነው የሚያከብራችሁ።

ቤቱን ስታዩ ወለሉን በእጃችሁ ዳብሱት። የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ካለ አስደፍኑ። ምሰሶ ካለ እስከ ልጅ ጭንቅላት ከፍታ ድረስ በስፖንጅ ጠቅልሉት። መስኮቱ በቂ ብርሃን ማስገባቱን አረጋግጡ፣ ምክንያቱም መብራት በሄደ ቁጥር ትምህርት መቋረጥ የለበትም። እኛ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት የምናስተምረው ለዚህ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሁለት ጀሪካን ሁልጊዜ ሙሉ ይቀመጣል። ክረምት ላይ ልጆቹ ጭቃ ይዘው ነው የሚመጡት፤ በር ላይ ጣሳና ፎጣ ካላዘጋጃችሁ ፍራሹ በአንድ ሳምንት ያልቅለታል።

አሁን ወደ ፍራሹ። ብራችሁን እዚህ ላይ አፍስሱ። ብዙ ሰው ስለ ብረቱና ስለ መዝለያው ነው የሚጨነቀው፣ ልጅ ግን ከሚሰራበት ጊዜ በላይ የሚወድቅበት ይበዛል። ለውድድር የሚሰራው የጂምናስቲክ መድረክ 12 በ12 ሜትር ነው። እናንተ 4 በ6 ሜትር ካላችሁ ለስምንት ልጅ ይበቃል። ለወለሉ የምትገዙት ስፖንጅ ውፍረቱ 5 ሳንቲሜትር ሆኖ ጠጠር ያለ መሆን አለበት። ለአልጋ የሚሸጠው ለስላሳው አይሆንም፣ እግር ሰምጦ ቁርጭምጭሚት ያጣምማል። ሱቅ ውስጥ በጉልበታችሁ ተጫኑት፤ ወለሉ ከተሰማችሁ ተዉት። ለማረፊያ ግን ወፍራም፣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር የሚሆን አሰሩ። ልባሱን የመኪና ሸራ ለሚሰፉት ስጡ፣ ዚፑ ከታች በኩል ይሁን። ፍራሾቹ ጎን ለጎን የሚያያዙበት ቬልክሮም አትርሱ። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ በእጇ ቆማ ስትወርድ አውራ ጣቷ ሁለት ፍራሽ መሀል ገባ። ጣቱ ምንም አልሆነም፣ ልጅቷ ግን ለሁለት ሳምንት በእጇ መቆም እምቢ አለች። ክፍተቱ የሁለት ጣት ያህል ነበር።

ሌላው በሰፈር ባለሙያ ይሰራል። የውድድር ሚዛን መጠበቂያ እንጨት 5 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሳንቲሜትር ስፋት አለው፣ ከመሬት 1.25 ሜትር ይነሳል። ለጀማሪ ያን ከፍታ እርሱት። አናጢ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው እንጨት መሬት ላይ እንዲተኛ አድርጎ ይስራላችሁ፣ ላዩ ምንጣፍ ይልበስ። ከዚያ በፊት ደግሞ ወለሉ ላይ በኖራ መስመር አስምሩ። ልጅ መስመሩ ላይ ዓይኑን ከፊት አድርጎ ሳይንገዳገድ ሲሄድ ነው እንጨቱ ላይ የሚወጣው። ጎሚስታ ቤት የማይጠቅም የከባድ መኪና ከመነዳሪ ካገኛችሁ ነፍታችሁ በሸራ ሸፍኑት፣ ጥሩ መዝለያ ይወጣዋል። ሕጉ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ። አደጋ የሚመጣው ሁለት ሆነው ሲዘሉ ነው። የሚንጠለጠሉበት ብረት ግን ለመጀመሪያው ዓመት ይቅር። ብየዳው ላይ ጥርጣሬ ባለበት ብረት ላይ የሰው ልጅ አይንጠለጠልም።

አሰልጣኝ የት ይገኛል? አዲስ አበባ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ናት። ሰርከስ ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 1991 ከተመሰረተ ወዲህ ሰርከስ ውስጥ ያደጉ ብዙ ወጣቶች አሉ፣ የሚገለበጡት በእንቅልፍ ልባቸው ነው። ነገር ግን መስራት ሌላ፣ ማስተማር ሌላ። ለሙከራ አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡትና ራሳችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ልጁን ሲያናግር በርከክ ይላል? ፈርቶ የቆመውን ይጎትተዋል ወይስ ይጠብቀዋል? ስፕሊት (እግርን ዘርግቶ መሬት ላይ መቀመጥ) ሲያሰራ የልጁ ትከሻ ላይ ተጭኖ ወደ ታች የሚገፋ አሰልጣኝ ካያችሁ በዚያው ቀን አሰናብቱት። የልጅ ጡንቻ በወራት ነው የሚለቀቀው። ከፖሊስ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ያምጣ፣ ተያዥም ይጥራ። ልጅን ለብቻ በተዘጋ በር ማስተማር ክልክል ነው፤ በሩ ክፍት ይሁን፣ አግዳሚ ወንበር አስቀምጡ፣ እናት ነጠላዋን አጣፍታ ቁጭ ብላ ትይ። አሰልጣኙ ልጁን ሲደግፍ እጁ የት የት እንደሚይዝ በመጀመሪያው ቀን ለወላጅ በተግባር አሳዩ። ወላጅ ሳይፈቅድ የማንንም ልጅ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ።

ትምህርቱ ከመውደቅ ይጀምር። እኛ የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍለ ጊዜዎች ለዚህ ብቻ ነው የምናውለው። አገጭ ደረት ላይ፣ ጀርባ ክብ፣ እጅ መሬቱን ተመርኩዞ አይገተር፤ ሲወድቁ የተዘረጋ እጅ ነው የሚሰበረው። ቀጥሎ ወደ ፊት መንከባለል፣ ከዚያ በግድግዳ ተደግፎ በእጅ መቆም። ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉት 45 ደቂቃ ይበቃል፣ ለትልልቆቹ አንድ ሰዓት ከሩብ። ለአንድ አሰልጣኝ ከስምንት ልጅ በላይ አትስጡ፣ ትንንሾቹ ከሆኑ ስድስት። ባዶ እግር ይሁኑ፣ ካልሲ ያንሸራትታል። ጸጉር ይታሰር፣ የጆሮ ጌጥ ይውለቅ። ሂጃብ የምታደርገዋን በስፒል ፈንታ የሚጠለቀውን እንድታደርግ እናቷን ንገሯት። ማተብ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። አንገት ላይ የላላ ክር ሲገለበጡ ሊያንቅ ይችላል፣ ሆኖም እናንተ እንዳትነኩት፤ ወላጁን ጥሩና ከልብሱ ስር እንዲገባ ወይም እንዲያጥር ተነጋገሩ። ላስረዳቸው እንጂ እስካሁን እምቢ ያለኝ ወላጅ የለም።

አንዳንድ አባት ገና በመጀመሪያው ወር «ኦሎምፒክ ይደርሳል?» ብሎ ይጠይቃል። በሴቶች የኦሎምፒክ ጂምናስቲክ ለመወዳደር በዚያ ዓመት 16 ዓመት መሙላት ግዴታ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ጊዜ አላት በሏቸው።

አደጋን አስቀድማችሁ አስቡት። ቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና ይሰጣል፣ እናንተም አሰልጣኙም ውሰዱ። 907 የአምቡላንስ ቁጥር ነው፣ ግድግዳ ላይ በትልቁ ጻፉት። በአንገቱ ወይም በጀርባው የወደቀን ልጅ አታንሱ፣ አታስቀምጡ፣ ባለበት ይተኛ። ሌላው ከባድ ነገር ወጌሻ ነው። ሰፈራችን ልጅ እጁ ሲያብጥ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ወጌሻ ነው። ስብራት ላይ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ደም አቁሞ እጅ እስከማስቆረጥ ይደርሳል። ስለዚህ መመዝገቢያ ፎርሙ ላይ «አደጋ ከደረሰ መጀመሪያ ጤና ተቋም ሄዶ ራጅ ይነሳል» የሚል አስገቡና ወላጅ ይፈርም። የመድን ድርጅቶች የቡድን የአደጋ ዋስትና ይሸጣሉ፣ ዋጋውን ከሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁና በወርሃዊ ክፍያው ውስጥ አካቱት።

ወረቀቱ ላይ ብዙ አልቆይም። የቤት ውል ከመፈረማችሁ በፊት ወረዳው ንግድ ጽህፈት ቤትና ስፖርት ጽህፈት ቤት ሄዳችሁ ለዘርፉ ምን ምን እንደሚጠየቅ በዝርዝር ጻፉ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ንግድ ምዝገባ፣ ንግድ ፈቃድ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ የኪራይ ውል። ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

ብሩን በምሳሌ እንየው፤ ዋጋው እንደየሰፈሩ ይለያያል። 32 ልጅ በወር 900 ብር ቢከፍል 28,800 ይሆናል። ለአሰልጣኝ 12,000፣ ለቦታ 6,000፣ ለረዳት 4,000 ስትከፍሉ 6,800 ይተርፋል። ከዚያ ላይ 2,000ውን ለፍራሽ ማደሻ አስቀምጡ። ፈተና ደርሶ ልጆቹ 20 ቢሆኑ ግን ገቢው 18,000 ነው፣ ወጪው ያው 22,000። የሁለት ወር ወጪ ሳትይዙ አትክፈቱ የምለው ለዚህ ነው። ክፍያው ወር ሳይገባ በቴሌብር ይግባ፣ ደረሰኝ ስጡ። ከአንድ ቤት ሁለተኛ ልጅ ሲመጣ ቀንሱ። መክፈል የማይችል ቤት ካለ ደግሞ ከየቡድኑ አንድ ቦታ በነፃ ያዙ፣ ማን እንደሆነ ግን ለማንም አትንገሩ፣ ለአሰልጣኙም ጭምር።

መስከረም ላይ ዋጋ አትጨምሩ። ወላጅ በደብተርና በዩኒፎርም ተራቁቶ፣ በዓሉንም ገና ተወጥቶ ነው። ልጅ የሚበዛው ትምህርት ሲዘጋ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ስለዚህ ምዝገባውን ሰኔ አጋማሽ ላይ ጀምሩ። ፍራሹን ግን ግንቦት ሳያልቅ አሰፉ፣ ዝናቡ ከገባ ሸራ ሰፊዎቹ ሥራ ስለሚበዛባቸው ቀጠሮ ያራዝሙባችኋል።