ለሰኩለንት የሚሆን ትንሽ ግሪንሃውስ በጓሮ እንዴት ይሠራል?

ግሪንሃውስ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ሙቀትና እርጥበት የታፈነበት የላስቲክ ቤት ነው። እንዲህ ያለው ቤት ለችግኝ ደግ ነው፤ እንደ እሬት፣ ቁልቋልና ኢቼቬሪያ ላሉ፣ ውሃ በቅጠላቸውና በግንዳቸው ለሚያጠራቅሙ ተክሎች (ሰኩለንት የሚባሉት እነዚህ ናቸው) ግን አይሆንም። ሰኩለንትን ከውሃ ጥም ይልቅ የሥር መበስበስ ይገድለዋል። ስለዚህ የምንሠራው ቤት ዋና ሥራው ዝናብ መከልከልና አየር ማመላለስ ነው።

ቦታና ልክ

በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ዝናብ ሲጥል ውሃ የማይተኛበት ቦታ ይምረጡ። ለጀማሪ 2 ሜትር በ3 ሜትር ይበቃል፦ መሃል 60 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ፣ ግራና ቀኝ 70 ሳንቲ ሜትር መደርደሪያ። መደርደሪያው ከዚህ ከሰፋ ጥግ ላይ ያለችውን ማሰሮ ለማንሳት ፊት ያሉትን እሾሃማዎች መታከክ ይመጣል።

መሠረት

ዙሪያውን 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍረው አንድ ረድፍ ብሎኬት በውሃ ልክ ያስተካክሉ። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን ለማረጋገጥ ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ ይለኩ፤ ሁለቱም 3 ሜትር ከ60.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ መምጣት አለባቸው። ወለሉን ሲሚንቶ አያድርጉት። አረም የሚከለክል ጨርቅ አንጥፈው 10 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ይሙሉበት፤ የፈሰሰው ውሃ እዚያው ይሰርጋል።

አጽም

ቱቦላሬ ወይም የተቀባ ሞራሌ ይሆናል። ጣሪያው በአንድ ወገን ብቻ ያዘቅዝቅ፦ የፊቱ ግድግዳ 1.80፣ የኋላው 2.40 ሜትር። ዝቅተኛው ጎን ፀሐይ ወደሚበረታበት ይዙር፤ ከምድር ወገብ በሰሜን ርቆ ላለ ሰው ይህ ደቡብ ነው፣ በደቡብ ላለ ደግሞ ሰሜን። ቁልቁለቱ የግድ ነው። ሌሊት ጣሪያው ከውስጥ ያልበዋል፤ ተዳፋት ካለው ጠብታው ቁልቁለቱን ተከትሎ ይወርዳል፣ ጠፍጣፋ ከሆነ ግን ኢቼቬሪያዋ እምብርት ላይ ይንጠባጠባል። እዚያ የተኛ ውሃ ቅጠሉን ከመሃል ጀምሮ ያበሰብሰዋል። አጽሙን ከብሎኬቱ ጋር በቡሎን አጥብቀው ይሰሩት፤ ቀላል ቤት ነፋስ ያነሳዋል።

ሽፋን

መስታወት ያምራል፤ ግን ከባድ ነው፣ ሲሰበርም ከላይ ነው የሚወርደው። እኔ የምመክረው ባለ ሁለት ንጣፍ፣ 6 ሚሊ ሜትር ፖሊካርቦኔት (ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ) ነው። ሲገጥሙት፦

1. ከአልትራቫዮሌት ጨረር የሚከላከለው ገጽ ወደ ውጭ ይሁን። የትኛው እንደሆነ መጠቅለያው ላይ ይጻፋል፤ ከመላጥዎ በፊት ምልክት ያድርጉበት።
2. የውስጥ ቦዮቹ ከላይ ወደ ታች ይውረዱ። የላይኛውን ጫፍ በአሉሚኒየም ፕላስተር ይድፈኑ፣ የታችኛውን ትንፋሽ በሚያሳልፍ ቴፕ። ክፍቱን ከተተወ አቧራና አረንጓዴ ዝቃጭ ይገባበታል፤ ማውጣቱም አይቻልም ማለት ይቀላል።
3. ቀዳዳውን ከብሎኑ በ3 ሚሊ ሜትር ያስፉ። ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ ሉሁ በየሜትሩ ወደ 2.6 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል፤ መላወሻ ካላገኘ ይሰነጠቃል። ብሎኑን በጎማ ሮንዴላ ይያዙት፣ ጨርሰው አያጥብቁት።

አየር

እዚህ ላይ አይቆጥቡ። የመስኮቶቹ ስፋት ተደምሮ የወለሉን 20 በመቶ ያህል ይሁን፤ ለ6 ካሬ ሜትር ወለል 1.2 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ግማሹ ከፊት ግድግዳ ሥር፣ ግማሹ ከኋላ ግድግዳ ጫፍ። ሞቃት አየር በላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው በታች ይገባል፤ ማራገቢያ አያስፈልግም። ሁሉንም በወንፊት ይሸፍኑ። ደግሞም ብዙዎቹ ሰኩለንቶች የሚተነፍሱባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስገቡት ሌሊት ነው፤ ውርጭ ካልተፈራ ሲመሽ ጥርቅም አድርጎ መዝጋት አያስፈልግም።

ጥላ፣ መደርደሪያ፣ ውሃ

ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚያጠላ መረብ ከጣሪያው ውጭ ይወጠር፤ ከውስጥ ከሆነ ሙቀቱ አንዴ ገብቷል። ከጥላ የመጣ ተክል ቀስ በቀስ ፀሐይ ይልመድ፤ የተቃጠለ ቅጠል ጠባሳው አይድንም። መደርደሪያው ውሃና አየር የሚያሳልፍ የሽቦ መረብ ይሁን። አፈሩ ግማሽ ያህሉ ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ወይም ሻካራ አሸዋ ሆኖ፣ አንዴ በደንብ አጠጥተው ጨርሶ እስኪደርቅ ይተዉት። በቅዝቃዜ ወራት ውሃውን ከሞላ ጎደል ያቁሙ፤ ሥሩ ደረቅ ከሆነ አብዛኞቹ እስከ 5 ዲግሪ ይችላሉ።