አሮጌ የጦር አውሮፕላን ለመግዛት ላሰባችሁ

አሜሪካ ውስጥ የአብራሪነት ፈቃድ ይዛችሁ የድሮ የጦር አውሮፕላን ካማራችሁ፣ ዓይናችሁን ከሙስታንግ ተዋጊ አውሮፕላን ላይ አንሡ፤ ዋጋው በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነው። የጦር አብራሪዎች ይሠለጥኑባቸው የነበሩትን የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ፈልጉ።

የአሜሪካው ማሠልጠኛ የቲ-6 ቴክሳን ባለ 600 የፈረስ ጉልበት ሞተር ድምፁ ልብ ይሰርቃል፤ ግን በሰዓት ከ110 ሊትር በላይ ቤንዚን ይጠጣል፤ ሦስተኛው ጎማ ከኋላ ስለሆነም ሲያርፍ ቸልተኛን አይምርም። እኔ የቻይናውን ናንቻንግ ሲጄ-6 እመርጣለሁ። ሞተሩ ባለ 285 የፈረስ ጉልበት ነው፣ ሦስተኛው ጎማ ከፊት ነው፣ የነዳጅ ፍጆታውም የቴክሳን ግማሽ ገደማ ነው። ሞተሩ የሚነሣው፣ ጎማው የሚታጠፈው፣ ፍሬኑም የሚይዘው በታመቀ አየር ስለሆነ፣ አየሩን ሞልታችሁ አሳድሩና ጠዋት ግፊቱ ምን ያህል እንደወረደ ተመልከቱ። ይህን ከማይፈቅድ ሻጭ ራቁ።

የሁለቱም አውሮፕላኖች ሞተር ሲሊንደሮች በክብ የተደረደሩ ናቸው፤ ሞተሩ ቆሞ ሲሰነብት ዘይት ወደ ታችኞቹ ይወርዳል። ከማስነሣታችሁ በፊት ማግኔቶው (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚሰጠው ክፍል) መጥፋቱን አረጋግጡና ፕሮፔለሩን በእጅ አዙሩ። ከከበዳችሁ ሲሊንደር ውስጥ ዘይት ተጠራቅሞ ሊሆን ስለሚችል አታስገድዱት፤ የታችኞቹን ካንዴላዎች ፈትታችሁ ዘይቱን አፍስሱ። እዚህ ላይ መቸኮል ሞተሩን ያሳጣል።

ሌላው የአሜሪካ ማሠልጠኛ ቲ-34 ሜንተር ከሆነ ምርጫችሁ የክንፉን ዋና ተሸካሚ የምርመራ መዝገብ አስቀድሙ። እ.ኤ.አ. በ1999 ጆርጂያ ውስጥ የአንዱ ክንፍ በረራ ላይ ተገንጥሎ ነበር።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ኢንሹራንሱ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን ከአስተማሪ ጋር ስንት ሰዓት እንድትበሩ እንደሚያስገድድ ጠይቁ።