የአሮጌ ስፖርት መኪና ዳሽቦርድ ሲጨልም፦ ችግርና መፍትሄ

ከገላን ወደ ዱከም ወይም ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ ማታ የሚነዳ ሰው የዳሽቦርድ መብራትን ዋጋ ያውቃል። የመንገድ መብራት በሳሳበት ቦታ ጌጆቹ (የዳሽቦርዱ መለኪያዎች) ከጨለሙ ፍጥነቱም፣ የሞተሩ ሙቀትም፣ ነዳጁም በግምት ይሆናል።

አሮጌ ሴሊካ፣ ዳትሰን ዜድ፣ አልፋ ሮሜዮ ወይም ቢኤምደብሊው ኢ30 ያለው ሰው ዳሽቦርዱ ሲጨልም መጀመሪያ የሚሮጠው አምፖል ፍለጋ ወደ ሶማሌ ተራ ነው። ቆዩ። ሁሉም አምፖል በአንድ ሌሊት አይቃጠልም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው መብራቱ ጋ ሳይሆን መብራቱ ጋ የሚደርሰው መንገድ ላይ ነው። ፊውዝ፣ ማደብዘዣ (የብርሃን መቀነሻ)፣ ማሳ (ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የኔጌቲቭ ሽቦ)። በዚህ ቅደም ተከተል ብትሄዱ ገንዘብም ጊዜም ይተርፋችኋል።

ሁሉም በአንዴ ጠፋ

ከመኪናው ውረዱና የኋላ መብራቱን እዩ። በብዙ አሮጌ የጃፓን መኪኖች ላይ የኋላ መብራት፣ የታርጋ መብራትና የዳሽቦርድ መብራት የሚሠሩት በአንድ ፊውዝ ነው። ሁሉም አብረው ከጠፉ ፊውዙን ቀይሩ። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሽቦ ከቦዲው ጋር ተነካክቷል። እባካችሁ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልላችሁ አታስገቡ። ፊውዙ ባይቃጠል ሽቦው ይቃጠላል፤ ከሽቦው ቀጥሎ ደግሞ መኪናው ነው።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቴፑን ነው። አዲስ ቴፕ ሲገጠም የቴፑን መብራት የሚያበራው ሽቦ ከዳሽቦርዱ መብራት ላይ ይቀጠላል። ጫፉ ሳይሸፈን ከቀረ ብረት ይነካና ፊውዙን ይበላል። ቴፑን አውጥታችሁ ሞክሩ። ካልሆነ የኋላ ኮፈኑ ማጠፊያ ጋ ያለውን የታርጋ መብራት ሽቦ እዩ። ኮፈኑ ሲከፈትና ሲዘጋ እየተጣጠፈ ልባሱ ይላጣል።

የኋላው ይበራል፣ ዳሽቦርዱ ግን ጨለማ ነው ወይም ደብዝዟል

ማደብዘዣው ነው። የመብራት ማብሪያው ላይ ወይም አጠገቡ የምትዞር ትንሽ ነገር አለች። ላቫጆ ውስጥ ዳሽቦርድ ሲወለወል ሳይታወቅ ዞራ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ እሷን እስከ መጨረሻ አዙሩ። ስትዞር ብልጭ እያለ ከጠፋ ውስጧ ዝጓል። ደጋግማችሁ ወዲያና ወዲህ አዙሯት፣ የኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይም ንፉባት። ያም ካልሠራ የሚገባውንና የሚወጣውን ሽቦ በአጭር ሽቦ አገናኙ። መብራቱ ቦግ ካለ ማደብዘዣው ሞቷል ማለት ነው። ተለዋጭ እስኪገኝ እንዲሁ አገናኝቶ መንዳት ይቻላል፤ ብርሃኑን መቀነስ ብቻ አይቻልም።

ፍሬቻ ስታበሩ ዳሽቦርዱም አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል

ይህ የማሳ ችግር ነው። በከተማው ዳርቻ ለምንነዳ ሰዎች ደግሞ ዋናው በሽታ ይኸው ነው። በጋ የኮረኮንች መንገድ መንቀጥቀጥ ብሎኑን ያላላዋል። ክረምት በመስታወቱ ጎማ የሰረገ ውሃ ያዝገዋል። ከሁሉም የሚብሰው ግን ቀለም ነው። መኪናው እንደገና ሲቀባ የማሳው ቦታም አብሮ ይቀባል፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

በመልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ፈትሹ። ጥቁሩን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን ደግሞ የጌጆቹ ማሳ ላይ አድርጉና መብራቱን አብሩ። ንባቡ ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ደካማ ነው። ብሎኑን ፍቱ፣ ቦታውን ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ፋቁ፣ መልሳችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ከላይ ቫዝሊን ቀቡት።

አንዱ ወገን ብቻ ጨለመ

አሁን አምፖል ነው፤ ጌጆቹ ያሉበትን ሳጥን ማውጣት ግድ ይላል። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። የፍጥነት መለኪያው ገመድ ከኋላ ስለሚይዘው በኃይል አትጎትቱ። የእነዚህ መኪኖች ፕላስቲክ ደርቋል፤ አንዴ ከተሰበረ ምትክ ማግኘት ፈተና ነው።

ሳጥኑን ስትገለብጡት ቀጭን የመዳብ መስመሮች የተዘረጉበት ስስ ፕላስቲክ ታያላችሁ። አምፖሉ ያለበት ሶኬት ሩብ ዙር ዞሮ ይወጣል። የሶኬቱ እግሮች ያረፉበትን መዳብ ልብ ብላችሁ እዩት፤ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ዝገት ይዞ ከሆነ አምፖሉ ደህና ሆኖም አይበራም። በተማሪ ላጲስ ቀስ አድርጋችሁ አጽዱት። የብርጭቆ ወረቀት መስመሩን ይቆርጠዋል።

የአምፖሉን ዋት ጠብቁ። በጃፓን መኪኖች የተለመደው ባለ 12 ቮልት 3.4 ዋት ነው። ባለ 5 ዋቱ የፓርኪንግ አምፖል እዚያው ልክ ይገባል፤ ሙቀቱ ግን ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ኤልኢዲ ከገጠማችሁና ካልበራ ገልብጡት፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ይለያል።

ቀይዋ የባትሪ መብራት ጭራሽ አትበራም

ብዙ ሰው ይህን እንደ ጥሩ ዜና ያየዋል። አይደለም። ቁልፉን አዙራችሁ ሞተር ሳታስነሱ መብራቷ መብራት፣ ሞተር ሲነሳ ደግሞ መጥፋት አለባት። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ዲናሞው ሥራ የሚጀምረው በዚች አምፖል በኩል በሚያልፍ ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። አምፖሏ ከተቃጠለች ዲናሞው ላይቀሰቀስ ይችላል። ያኔ ባትሪው እያለቀ ትነዳላችሁ፤ የሚያስጠነቅቃችሁ መብራት ደግሞ ራሱ ሞቷል።

ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ላይ ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካነበበ እየሞላ ነው። 12.5 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን ዲናሞውን ከመፍታታችሁ በፊት አምፖሏን ቀይሩ። እዚህ ቦታ ላይ ኤልኢዲ አታድርጉ። የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ ስለሚያንስ ዲናሞውን ላይቀሰቅሰው ይችላል።

ኢ30 ላላቸው

ከ1982 እስከ 1994 በተሠራው በዚህ መኪና የጌጅ ሳጥን ውስጥ የሰርቪስ ጊዜ የሚቆጥር ቦርድ አለ። ቦርዱ ላይ የተበየዱ ትንንሽ ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎች ሲያረጁ ያፈሳሉ። የሰርቪስ መብራቶቹ አልጠፋ ካሉ፣ የሙቀትና የሞተር ዙር ጌጆቹም ከዋዠቁ እነሱን ጠርጥሩ። ባትሪዎቹን በብየዳ አንስቶ መቀየር ይቻላል፤ ያፈሰሱት ፈሳሽ መስመሮቹን ከበላ ግን ቦርዱ ራሱ መለወጥ አለበት።

ሳጥኑን በካቻቢቴ ከማሰራችሁ በፊት ባትሪውን መልሳችሁ ሁሉንም መብራት፣ ሁለቱን ፍሬቻዎችና ረጅሙን መብራት እያበራችሁ አንድ በአንድ እዩ።