በዋሻ ሚካኤል መንገድ ላይ የፊት ጎማዎች አልስብ ሲሉ ያገኘሁት መፍትሔ

በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ በየካ ተራራ ባሕር ዛፍ መካከል፣ ከአለት ተፈልፍሎ ወደተሠራው የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ የሚወስደው መንገድ ዝናብ ሲነካው መኪናን ይፈትናል። ሁለቱን የፊት ሀቦች (ጎማውን ከውስጥ ዘንጉ ጋር የሚያያይዙትን መቆለፊያዎች) በእጅ ቆልፌ አራቱም ጎማዎች እንዲስቡ ፎር ዊል ባስገባም፣ ላንድ ክሩዘሩ አቀበቱ ላይ በኋላ ጎማዎቹ ብቻ ጭቃውን ይቆፍር ጀመር።

ወደ ደልዳላ ስፍራ መልሼ፣ የኋላ ጎማዎቹን በመንገድ ዳር ድንጋይ አስደግፌ (ከፍርስራሹ ድንጋይ ማንሣት ነውር ነው) ሞተሩን አጥፍቼ የፊቶቹን ተራ በተራ በክሪክ ሳነሣ፣ የግራው ጎማ በእጅ ሲዞር የውስጥ ዘንጉን አብሮ አዞረ፤ የቀኙ ግን ዘንጉን ትቶ ብቻውን ዞረ። ተራ ዲፈረንሻል (ኃይልን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው የጥርስ ስብስብ) ኃይሉን ወደተለቀቀው ወገን ስለሚያሾልከው፣ አንዱ ሀብ ካልያዘ በትክክል የተቆለፈውም ጎማ አይስብም።

የቀኙን ሀብ ክዳን ብሎኖች ፈትቼ ስከፍተው፣ የደረቀ ግሪስ ከጭቃ ጋር ተጋግሮ ተንሸራታቹን ጥርስ አላንቀሳቅስ ብሎታል። በናፍጣ አጥቤና በጨርቅ አድርቄ ስስ ግሪስ ብቻ ቀባሁት፤ አብዝቶ መጠቅጠቅ ያንኑ ችግር ይመልሳል። ክዳኑን ከገጠምሁ በኋላ ዘንጉ ከጎማው ጋር ዞረ፤ በዝቅተኛው ማርሽም አቀበቱን ወጣሁ።