የጉጉት ጫጩት የማይወድቅበት ሳጥን እንዴት ይሰራል

አክስቴ ጉጉት አትወድም። እሷ ልጅ ሆና ጎንደር ሳለች፣ ማታ ጣራ ላይ ጉጉት ከጮኸች ከዚያ ቤት ለቅሶ አይጠፋም ይባል ነበር። ስለዚህ በሰሜን እስራኤል ካለችው ከአፉላ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የጓደኛዬ ማሳ ዳር ለጉጉት ሳጥን ልሰቅል ነው ስላት፣ “በገዛ እጅህ መርዶ ልትጠራ?” አለችኝ።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ዮርዳኖስ ውስጥም ብዙ ገበሬ ጉጉትን የመጥፎ ዕድል ወፍ አድርጎ ነው የሚያያት። ቢሆንም ዛሬ በዮርዳኖስ ሸለቆ ግራና ቀኝ ሳጥኖች ተተክለውላታል። እዚህ እስራኤል የተጀመረው በ1983 እ.ኤ.አ. በቤት ሸአን ሸለቆ፣ ስዴ ኤልያሁ በሚባለው ኪቡጽ (የጋራ እርሻ መንደር) ነው። ኪቡጹ ያለ ኬሚካል ያርሳል፤ አይጡ ደግሞ አላስቀምጥ ብሎት ነበር። በኋላ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው የአእዋፍ ተመራማሪ ዮሲ ሌሼም ሥራውን በአገር ደረጃ አስፋፋው። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጡረታ የወጣው የዮርዳኖስ ጄኔራል ማንሱር አቡ ራሺድ በወንዙ ማዶ ተቀበለው። ፍልስጤማውያንም ገቡበት። አንድ ጥንድ ጉጉት ከነጫጩቶቹ በዓመት ከ2,000 በላይ አይጥ እንደሚበላ ይገመታል። ገበሬውን ያሳመነው ይሄ ነው እንጂ ስብከት አይደለም።

የማወራው ስለ ነጭ ፊቷ ጉጉት ነው። ፊቷ የልብ ቅርጽ አለው፣ ሆዷ ነጣ ያለ ነው፣ ጀርባዋ ወርቃማ ቡኒ። ኢትዮጵያም ውስጥ አለች። ጎጆ አትሰራም። የዛፍ ጉድጓድ፣ የፈረሰ ቤት፣ የጣራ ሥር ካገኘች እዚያው ወለሉ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። ሳጥን በቀላሉ የምትቀበለውም ለዚህ ነው።

የኔ ስህተት

የመጀመሪያ ሳጥኔን የሰራሁት ለእናትየዋ ነበር። ለመግባት ይመቻት ብዬ ቀዳዳውን ከወለሉ 20 ሳንቲሜትር ብቻ ከፍ አድርጌ ቆረጥኩት። እሷም ገባች፣ ደስ አለኝ። በሜይ ወር አንድ ቀን ጠዋት ምሰሶው ሥር ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር አየሁ። ጫጩት ነው። ሞቷል። አምስት ሳምንት ቢሆነው ነው፣ ክንፉ ላይ ገና ላባ እንኳ በደንብ አልወጣለትም።

ያኔ ያልገባኝ ነገር አለ። እናትና አባት በየትኛውም ቀዳዳ ይገባሉ። ሳጥኑ የሚሰራው ለጫጩቶቹ ነው። ምግብ ሲመጣ ሁሉም ወደ ቀዳዳው ይሮጣሉ፣ ይገፋፋሉ። ቀዳዳው ዝቅ ካለ አንዱ ይወድቃል። ይህች ጉጉት ደግሞ መሬት ላይ የወደቀ ልጇን አታበላም። እዚያው እየጮኸ በራብ ይሞታል፣ ወይ ድመት ይወስደዋል። ከዚህ በታች ያለው ልኬት ሁሉ የሚዞረው በዚህች ነገር ዙሪያ ነው።

መጀመሪያ ቦታው

ማሳው ላይ የአይጥ መርዝ የምትጠቀሙ ከሆነ ሳጥኑን ተዉት። መርዝ የበላ አይጥ ቶሎ አይሞትም፤ እየተንገዳገደ ይወጣል፣ ጉጉቷ ታነሳዋለች፣ መርዙ ከነጫጩቶቹ ይጨርሳቸዋል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

ትልቅ መንገድ አጠገብም አትትከሉ። ጉጉት የምታድነው ዝቅ ብላ እየበረረች ስለሆነ መኪና በቀላሉ ይመታታል። ክፍት ሜዳ ያስፈልጋታል፤ አልፋልፋ፣ የእህል ማሳ፣ የተምር እርሻ ዳር ጥሩ ነው።

እንጨቱ

12 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ ይበቃል። አንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ ለጥቂት ነው የማይበቃው፣ ከሌላ ሥራ የተረፈ ቁራጭ ፈልጉ። እንዲህ ቁረጡ፦

ወለል፦ 75 በ55 ሳንቲሜትር።
ፊት፦ 75 ስፋት፣ 66 ቁመት።
ጀርባ፦ 75 ስፋት፣ 71 ቁመት።
ሁለት ጎኖች፦ 57.4 ስፋት፤ በጀርባ በኩል 71፣ በፊት በኩል 66 ቁመት።
ጣራ፦ 90 በ70።
ውጭ የምትለጠፍ በረንዳ፦ 75 በ30።

ጀርባው ከፊቱ 5 ሳንቲሜትር የበለጠው ጣራው ተዳፋት እንዲሆንና ውሃ እንዳይቋጥር ነው። ወለሉ ሰፊ መስሎ ከታያችሁ፣ ስድስት የደረሱ ጫጩቶችና እናታቸው አንድ ላይ ሆነው አስቡት። እውነቱን ለመናገር ጠባብ ነው።

በምስማር አትምቱት፣ በቪቴ እሰሩት። ምስማር በሁለተኛው በጋ እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል። ወለሉ ላይ በትራፓኖ ስድስት ትንንሽ ቀዳዳ ብሱ፣ የጣት ውፍረት ያህል፤ እርጥበትና ዝናብ ይውረድበት። ጎኖቹ ላይም ከጣራው ሥር ሁለት ሁለት ብሱ፣ ለአየር። ውስጡን ቀለም አትቀቡ፣ በብርጭቆ ወረቀትም አታለስልሱት። ሻካራ ሲሆን ነው የሚሻለው።

ቀዳዳው

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ቀዳዳው 13 በ13 ሳንቲሜትር ነው። የታችኛው ጠርዙ ከፊተኛው ሳንቃ ግርጌ 47 ሳንቲሜትር ላይ ይሁን። ወለሉ ሲገባበት ከውስጥ 45 ሳንቲሜትር የሚያህል ጥልቀት ይቀራል። ጫጩት ያን ያህል ግድግዳ ወጥቶ ውጭ የሚደርሰው ጡንቻው ሲጠነክር፣ ማለትም ለመብረር ሲቃረብ ነው። ከዚያ በፊት እንዲወጣ አንፈልግም።

ቀዳዳውን መሃል ላይ አታድርጉት፣ ወደ አንዱ ጎን አስጠጉት። ያኔ ሌላው ጥግ ጨለማ ይሆናል። እናትየዋ የምትታቀፈው እዚያ ነው። ከቀዳዳው በታች ከውስጥ በኩል በመጋዝ አግድም አግድም ጫር ጫር አድርጉ። ጊዜው ሲደርስ ጫጩቶቹ በጥፍራቸው ይወጡበታል።

ከውጭ፣ ከቀዳዳው ሥር በረንዳዋን ስቀሉ። ዙሪያዋን 3 ሳንቲሜትር ከንፈር አብጁላት። ልጆቹ ከሰባተኛው ሳምንት በኋላ ማታ ማታ እዚያ ወጥተው ክንፋቸውን ያራግፋሉ፣ ይንጠራራሉ፣ አንዳንዴም እንደ ቦክሰኛ ይዘላሉ። በረንዳ ከሌለ የመጀመሪያዋ ዝላይ የመጨረሻ ልትሆን ትችላለች።

ለጽዳት ደግሞ አንዱ ጎን ላይ በማጠፊያ የምትከፈት ትንሽ በር ሥሩ፣ ከወለሉ ቢያንስ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ያለች። መቀርቀሪያዋ በንፋስ የሚከፈት አይሁን።

ሙቀትና ምሰሶ

ቤት ሸአን ከባህር ጠለል በታች ነው፤ በጋ ላይ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ቆርቆሮ ጣራ እንጨቱ ላይ ብትለጥፉ ምድጃ ሰራችሁ ማለት ነው። ቆርቆሮውን በአራት ቁራጭ እንጨት ከጣራው 5 ሳንቲሜትር አንሱት፣ በመሃል አየር ይለፍ። ውጪውን ነጭ ቀቡት። ፊቱን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ምሥራቅ አዙሩት፤ የከሰዓት ፀሐይ በቀዳዳው አይግባ። ጥላ ያለው ቦታ ከተገኘ ምን ትፈልጋላችሁ?

ምሰሶው ብረት ቱቦ ይሁን። ሳጥኑ ከመሬት ቢያንስ 3 ሜትር፣ 4 ቢሆን ይመረጣል። ቱቦውን በቂ ጉድጓድ ቆፍራችሁ በሲሚንቶ አስይዙት። መሃሉ ላይ ለስላሳ ላሜራ ጠቅልሉበት፣ ድመትና እባብ ይንሸራተታሉ። የተገጣጠመው ሳጥን ከባድ ነው፣ ብቻችሁን መሰላል ላይ አትውጡ። እኔ ብቻዬን ሞክሬ ትከሻዬን ሳምንት ሙሉ አሳምሜዋለሁ።

ይህ ሁሉ ከመከር በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ ይለቅ። ጥንዶች ቦታ የሚፈልጉት በክረምት ነው፤ የእስራኤሉ ክረምት ማለቴ ነው፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለው። በመጀመሪያው ዓመት ካልመጡ አትደንግጡ፤ ሁለት ዓመት ባዶ ቆሞ የገባችበት አለ። ንብ ወይም እርግብ ሊቀድምም ይችላል። ትንሿ ጭልፊትም ሳጥን ትወዳለች። እሷ ከገባች ደስ ይበላችሁ፣ የቀን ፈረቃ ሠራተኛ አገኛችሁ።

ገብታለች ወይስ አልገባችም?

መሰላል አያስፈልግም። ምሰሶው ሥር እዩ። ነጭ ኩስ ካለ፣ እንዲሁም የአውራ ጣት የሚያህል ጥቁር የሚያብለጨልጭ ድብልብል ካገኛችሁ ገብታለች። ጉጉት አይጡን እንዳለ ትውጥና ፀጉሩንና አጥንቱን ጠቅልላ መልሳ ትተፋዋለች። ጓንት አድርጋችሁ አንዱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ በስፒል በታትኑት። ግራጫ ፀጉር፣ ከዚያ የጎድን አጥንት እንደ ክር የቀጠነ፣ ከዚያ ጥርሱ ብርቱካንማ የሆነ ራስ ቅል ይወጣል። እኔ ካንዱ አራት ራስ ቅል አውጥቻለሁ። ለጓደኛዬ ሳሳየው ቆጠረና ዝም አለ።

እንቁላል በአብዛኛው በማርችና በአፕሪል ነው። በሁለት ሦስት ቀን ልዩነት አንድ አንድ ትጥላለች፤ አራትም ስድስትም ሊሆን ይችላል። መታቀፍ የምትጀምረው ከመጀመሪያው ነው። ወር ገደማ ቆይቶ አንደኛው ይፈለፈላል፣ የመጨረሻው ሁለት ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሳጥን ውስጥ ትልቅ ወንድምና ራሰ በራ ሕፃን አብረው ይቀመጣሉ። አይጥ ከጠፋ ቀድሞ የሚሞተው ትንሹ ነው። ግን ጭካኔ ብቻ አይደለም፤ የስዊዘርላንዱ የሎዛን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትልልቆቹ ለትንንሾቹ ምግብ ሲያጎርሱ አይተዋል። እናት አባት ሳይመጡ በፊትም እርስ በርስ እየጮሁ የሚቀጥለው ተራ የማን እንደሆነ ይደራደራሉ። የራበው አብዝቶ ይጮኻል፣ የጠገበው ይለቅለታል።

ወንዱ ያድናል፣ ሴቷ ትታቀፋለች፣ ታጎርሳለች። በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ጫጩቱ ከወላጆቹ ይከብዳል፤ ትልቅ ጉጉት 300 ግራም ገደማ ስትሆን እሱ 350 ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ እየቀነሰ፣ ላባ እያወጣ፣ በሁለት ወር ገደማ ይበርራል።

በዚህ ጊዜ ሳጥኑን አትክፈቱ። በእስራኤል የዱር ወፎች በሕግ የተጠበቁ ናቸው፣ ጎጆ መነካካት ያስቀጣል። ጫጩት ወድቆ ካገኛችሁ ወደ ተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን ደውሉ፣ ራሳችሁ ወተት ምናምን አትስጡት። ማየት ከፈለጋችሁ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ 50 ሜትር ርቃችሁ ወንበር አውጡና ተቀመጡ። እንደ ሌላው ጉጉት አይዘፍኑም፣ ያንኮራፋሉ። አክስቴን አንድ ማታ ለምኜ ወስጃት ነበር። ነጠላዋን ተከናንባ ለረጅም ጊዜ አዳመጠችና፣ “ይሄማ ጉጉት አይደለም፣ የሰከረ ሽማግሌ ነው” አለች።

ጽዳት

ኦክቶበር መጨረሻ ወይም ኖቬምበር ላይ ነው። አንዳንዴ ሁለተኛ ዙር ስለሚፈለፍሉ አትቅደሙ፤ መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ አቧራው መጥፎ ነው። የተተፋው ፀጉርና አጥንት ተረግጦ እንደ ጭቃ ይጋገራል። በየዓመቱ ካልተነሳ ወለሉ ከፍ ይላል፣ ወለሉ ከፍ ሲል 45 ሳንቲሜትሩ 30 ይሆናል። እኔ ያደረግኩትን ስህተት ሳጥኑ ራሱ ይደግመዋል ማለት ነው። ሁለት ጣት ያህል ደረቁን ትታችሁ ሌላውን አውጡት፣ እንቁላሉ እንዳይንከባለል ይጠቅማታል።

የወጣው ለአትክልት ፍግ ይሆናል። ባለፈው ዓመት ግማሽ ጆንያ ቤት አመጣሁ። ጠዋት ስነሳ ሩቡ የለም። የአክስቴ ጤና አዳም ዘንድሮ በረንዳውን ሞልቶታል፣ ምን እንዳደረገችበት ስጠይቃት “ቡና አተላ ነው” ትላለች።